ስሙ፣ ማኅተሙና ፔሮሉ፦ የመምህራን ማኅበር እንዴት እዚህ ደረሰ?

እናቴ መምህር ነበረች። ደመወዝ የተቀበለች ቀን ማታ ቁራጯን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋና ተቀናሹን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ግብር። ጡረታ። አንዳንዴ ለሆነ ነገር መዋጮ። መጨረሻ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፦ «መ.ማ»።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የመምህራን ማኅበር ነው።»

«ምን ያደርግላችኋል?»

«እሱን እኔም ልጠይቅ ነው» ትላለች እየሳቀች። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች።

ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ታሪክ ከሞላ ጎደል በዚያች መስመር ውስጥ አለ። ማን ፈቅዶ ቆረጠው? ለማን ገባ? የተቀበለው ማኅበር የትኛው ነው? «የትኛው» ያልሁት አፌ አምልጦኝ አይደለም። ለ15 ዓመት ያህል በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ማኅበሮች ነበሩ። ወደዚያ እንደርሳለን።

ማኅበር ሁሉ አንድ አይደለም

በአማርኛ «ማኅበር» ሰፊ ቃል ነው። የጽዋውም ማኅበር ነው፣ ቤት ሊሠሩ የተደራጁትም ማኅበር ናቸው፣ ታክሲ ተራ የሚያስከብሩት ልጆችም ማኅበር ናቸው። ሕጉ ግን ይለያቸዋል።

ሠራተኛ ማኅበር፣ ሰዉ «ዩኒየን» የሚለው፣ ከአሠሪው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ይደራደራል። የተስማሙበት ወረቀት የኅብረት ስምምነት ይባላል፤ አሠሪውን ያስገድደዋል። ካልተስማሙ የሕጉን ደረጃ ጠብቆ ሥራ ማቆም ይቻላል። የሙያ ማኅበር ደግሞ ሌላ ነው። ይጠይቃል፣ ያሳስባል፣ አቤት ይላል። ሰሚው ከፈለገ ይሰማል፣ ካልፈለገ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ማኅበር ከሁለተኛው ወገን ነው። ይህ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በ1956 ዓ.ም መጀመሪያ የወጣው የሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ለፋብሪካና ለድርጅት ሠራተኞች ዩኒየን ሲፈቅድ የመንግሥት ሠራተኛውን ከውጭ ተወው። መምህሩም ከውጭ ቀረ። የሚገርመው፣ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብላ ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 እና 98 አጽድቃለች። ስምምነት 87 አገሮች ከመደራጀት መብት ማውጣት የሚችሉት የጦር ኃይሉንና ፖሊስን ብቻ ነው ይላል። መምህር ከሁለቱም አይደለም። ጠመኔ እንጂ ጠመንጃ አልያዘም። አንድ አገር በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ እጅ ፈርሞ በሌላው ሰርዟል ማለት ነው። እስከ ዛሬ ያልተፈታው ቋጠሮ እሱ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ጥሩ ቃል አለው። ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት አላቸው ይላል፤ ሥራ ማቆምንም ያነሣል። ቀጥሎ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፦ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ መብት እንደሚጠቀሙ በሕግ ይወሰናል። እስከ 2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1064 ድረስ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች እየተሻሻሉ ወጡ። ኅብረት ድርድር የሚባለው ነገር አልገባባቸውም።

ውጤቱ ፈገግ ያሰኛል። አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ 10 ሠራተኛ ካለ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት ዩኒየን አቋቁመው መደራደር ይችላሉ። ከአጥሩ ማዶ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት 100 መምህር ቢኖረውም አይችልም። በተግባር የግል ትምህርት ቤት መምህር ኮንትራቱ በሰኔ እንዳይቋረጥበት ስለሚፈራ ዩኒየን አያቋቁምም። ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ከአዲስ አበባ የመምህራን ስብስብ እስከ የካቲት 1966

ማኅበሩ የተጀመረው በ1941 ዓ.ም ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤት እንደገና ሲከፈት የተማረ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። መምህርነት ያኔ ሸጋ ሥራ ነው። ልብስ የተተኮሰ፣ ጫማ የተወለወለ፣ ሠፈር ሲያልፍ ሰው የሚነሣለት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማኅበርም መንፈሱ ይኼው ነበር፤ መተዋወቅ፣ መረዳዳት፣ የሙያውን ክብር መጠበቅ።

የለወጠው የትምህርት ቤቱ መብዛት ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣ ወጣት ወደ ጎሬ፣ ወደ ነጌሌ፣ ወደ ላሊበላ ይላካል። ደመወዙ ይዘገያል፣ ዝውውር አይታሰብም። በዚህ ላይ ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ተደረገ። አብዛኞቹ አስተማሩ። ስድስት ኪሎ ላይ «መሬት ለአራሹ» ሲል የነበረ ልጅ የአውራጃ ከተማ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ ይዞ ተቀመጠ። ወሬው ተቀየረ። ማኅበሩም በየአውራጃው ቅርንጫፍ ስለነበረው፣ አዲስ አበባ የተባለው ሁሉ በሳምንት ውስጥ ዳር ይደርሳል። ያኔ እንዲህ ያለ መረብ የነበራቸው ቤተ ክህነት፣ ጦሩና መምህራኑ ናቸው ብል ብዙ ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ከዚያ «ሴክተር ሪቪው» መጣ። ይህን ስም የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬም ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ምን ነበር? በ1964 ዓ.ም አካባቢ የተጠናቀቀ የትምህርት ሥርዓት ጥናት ነው። የኢትዮጵያና የውጭ ባለሙያዎች ሠርተውታል። የሐሳቡ እምብርት ይህ ነው፦ ገንዘቡ ውስን ነው፤ ስለዚህ ለብዙ ልጅ አጭር ትምህርት እንስጥ። መነሻው 4 ዓመት ይሁን። ሁለተኛ ደረጃው በልክ ይያዝ። አብዛኛው ልጅ ተመልሶ ወደ አካባቢው ሥራ ይግባ።

ወረቀት ላይ ሲነበብ ሞኝ ሐሳብ አይደለም፤ በዛሬ ዓይን የሚደግፉት ሰዎች አሉ። ወላጅ ግን እንዲህ አልሰማውም። ወላጅ የሰማው «የድሀ ልጅ 4ኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የሀብታም ልጅ ይቀጥል» የሚል ነው። ገበሬው በሬ ሸጦ ልጁን የሚያስተምረው ከማረሻ እንዲወጣለት ነው እንጂ ተመልሶ እንዲመጣ አይደለም። መምህሩ ደግሞ ሌላ ነገር አየ። ሥራው ሲበዛ ደመወዙ ባለበት ይቆማል። ከሁሉ በላይ የቆጨው ግን፣ ስለ ክፍሉ ሲወሰን እሱን የጠየቀው የለም።

ሰኞ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም መምህራኑ ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ መናር ምክንያት መኪናቸውን አቆሙ። ነጌሌ ላይ ወታደሮች ካመፁ ገና አንድ ወር ገደማ ነው። ሁሉም ተገጣጠመ። በዚያው ሳምንት ንጉሠ ነገሥቱ ነዳጅ ቀነሱ፣ ሴክተር ሪቪውም እንዲዘገይ ተደረገ። የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራ ለቀቀ። በ10 ቀን ውስጥ ማለት ነው።

ዩኒየን ያልሆነ፣ ሥራ የማቆም መብት ያልተሰጠው ማኅበር ነው ይህን ያደረገው። ሌሎች ቢያግዙትም ቅሉ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም መንግሥት ይህን አልረሳውም። (በነገራችን ላይ ሕወሓት የተመሠረተበትን ቀን የሚያከብረው የካቲት 11 ቀን ነው፤ የ1967ቱ። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን አላስችል ብሎኝ ጠቀስሁት።)

ደርግ

ደርግ መምህሩን ፈለገውም ፈራውም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። የማኅበሩ መሪዎች ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ማለት ሲጀምሩ እስሩ ተከተለ። ቀጥሎ ቀይ ሽብር ነው። ስንት ክፍል ያለ መምህር እንደቀረ የሚያስታውስ ሰው በየቤቱ አለ፤ እኔ አልጨምርበትም። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ስሙን ይዞ የሥርዓቱ አካል ሆነ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጫንቃው የተሸከመው መምህሩ ነው። ክረምት ዕረፍት የሚባል ነገር ቀረ። ያ ዘመቻ ከሥርዓቱ ሥራዎች ሁሉ ሰው እስከ ዛሬ በመልካም የሚያነሣው ነው።

አንድ ስም፣ ሁለት ማኅበር

አሁን ወደ እናቴ ወረቀት እንመለስ።

ግንቦት 1983 ዓ.ም መንግሥት ተለወጠ። ማኅበሩ ራሱን አደሰ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህሩን ዶክተር ታዬ ወልደሰማያትን ሊቀመንበር አደረገ። አባላቱ ያኔ 120,000 ገደማ ይባሉ ነበር። በፋብሪካ ሠራተኛ ቁጥር ለምትለካ አገር ይህ ግዙፍ ድርጅት ነው።

ግጭቱ የመጣው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ፖሊሲ ነው። በ1986 ዓ.ም አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። ማኅበሩ መምህሩ ሳይመከርበት የመጣ ነው ብሎ ተቃወመው። ከ20 ዓመት በፊት በሴክተር ሪቪው ላይ የተነሣው ክርክር ተመልሶ መጣ። የደረጃ ዕድገት ከሥራ አፈጻጸም ግምገማ ጋር መያያዙም ጭቅጭቅ አስነሣ። ሁለተኛው ፖለቲካ ነው። ሚያዝያ 1985 ዓ.ም 42 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረሩ፤ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ፣ ዶክተር ታዬም ሌላው።

ከዚያ የሆነው ነገር ለማኅበር ታሪክ ተማሪ ሁሉ ትምህርት ይሆናል። ማኅበሩን ማገድ አላስፈለገም። ሌላ ጉባኤ ተጠራ። ሌላ አመራር ተመረጠ። ስሙ ያው፣ «የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር»። መንግሥት ዕውቅናውን ለአዲሱ ሰጠ። የቀድሞው ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ ቢሮዎቹ ተዘጉ። ፔሮሉም፣ የደመወዝ መክፈያው ዝርዝር፣ አቅጣጫ ቀየረ። ከመምህሩ ደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ ያለ ፈቃዱ ወደ አዲሱ ሒሳብ ይገባል የሚለው አቤቱታ ኋላ ጄኔቫ እስካለው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ድረስ ሄዷል።

እናቴ የምትቆረጠው ብር አልተለወጠም። መስመሯም «መ.ማ» እንደሆነች ቀጠለች። የት እንደምትገባ ግን የነገራት የለም። ብትጠይቅስ ማንን? የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሹም የመጣለትን ዝርዝር ነው የሚሠራው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። እዚህ ግን ስሙ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ነው የተወሰደው፤ ወሳጆቹ ግን «ባለቤቶቹ እኛ ነን» ነው የሚሉት።

ለምን ይህ ቀላል ሆነ? መዋጮ በእጅ የሚሰበሰብ ቢሆን ኖሮ ተወካዩ በየወሩ መምህሩን ዓይን ዓይኑን እያየ «አምጣ» ማለት ነበረበት። መምህሩም ካልጣመው «የለኝም» ይላል። መዋጮ በፔሮል ሲቆረጥ ይህ ሁሉ ይቀራል። ማኅበሩ ገንዘቡን የሚያገኘው ከአሠሪው እጅ ነው። አሠሪው ያን ቧንቧ ወደፈለገው ማዞር ይችላል። ለማኅበሩ መደርጀት የጠቀመው ምቾት ራሱ መታነቂያው ሆነ።

ዋጋው የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ዶክተር ታዬ ግንቦት 1988 ዓ.ም ከአውሮፓ ሲመለሱ ቦሌ ላይ ታሰሩ። ከትጥቅ ቡድን ጋር አሢረዋል ተብለው በ1991 ዓ.ም 15 ዓመት ተፈረደባቸው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ ብሏቸዋል። በግንቦት 1994 ዓ.ም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሲቀንሰው፣ የታሰሩት ከተቀነሰው በልጦ ተገኘና ወጡ። ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም ደግሞ የማኅበሩ አመራር አባል አሰፋ ማሩ ወደ ሥራ ሲሄዱ አዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። አቶ አሰፋ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ሥራ አስፈጻሚ አባልም ነበሩ። መንግሥት ሊያዙ ሲሉ ነው አለ፤ ያዩ ሰዎች መሣሪያ አልያዙም አሉ።

የስሙ ክርክር ከችሎት ችሎት ሲንከባለል ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። ሰኔ 2000 ዓ.ም የሰበር ችሎት ጨረሰው። ስሙም ንብረቱም ለአዲሱ አመራር ጸና። የተሸነፉት ተስፋ አልቆረጡም፤ «ብሔራዊ» የሚል ቃል ጨምረው በሌላ ስም ለመመዝገብ አመለከቱ። አልተመዘገቡም። በ2001 ዓ.ም የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ ያለው ድርጅት ስለ መብት እንዳይሠራ ከለከለ። ከውጭ የመምህራን ማኅበራት ድጋፍ የሚገኝበት በርም በዚያው ጠበበ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጉዳዩን በቁጥር 2516 መዝግቦ ለዓመታት መንግሥትን ሲጠይቅ ቆይቷል፤ ይመዝገቡ፣ መምህራን እንደ ሌላው ሠራተኛ የመደራጀት መብት ይኑራቸው እያለ። አዋጅ 621 በ2011 ዓ.ም በአዋጅ 1113 ተተካ። ያም የሲቪል ማኅበራት ሕግ ነው እንጂ የዩኒየን ሕግ አይደለም።

የክልሎቹ ማኅበር

ዛሬ መምህር «ማኅበሩ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የክልሉን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አሠሪው ክልል ሆኗል። ከ1984 ዓ.ም ጀምሮ ትምህርት ወደ ክልል ወረደ። በ1994 ዓ.ም ገደማ ደግሞ ጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ወረደና ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳው ሆነ። ማኅበሩም ይህን ቅርጽ ተከተለ። ከታች የትምህርት ቤቱ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከዚያ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል፣ ከላይ አገር አቀፉ።

እዚህ ላይ አንድ የማይታይ ችግር አለ። የደመወዝ እርከኑ የሚወሰነው ላይ ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ታች ነው። የወረዳው ተወካይ «ደመወዝ ይጨመር» ብሎ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢሄድ «እኛ አንወስንም» ይባላል። አገር አቀፉ ማኅበር «ደመወዝ ለምን ዘገየ?» ብሎ ትምህርት ሚኒስቴር ቢሄድ «ከፋዩ ወረዳ ነው» ይባላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በመሃል መምህሩ ይመላለሳል።

ስለዚህ የክልል ማኅበራት ሥራ በተግባር የት ላይ ያርፋል? የደረጃ ዕድገት በወቅቱ እንዲሰጥ መወትወት ላይ። ከጀማሪ መምህር ወደ ላይ የሚወጣው መሰላል አንድ እርከን ሲዘገይ የዓመታት ገንዘብ ይዞ ይሄዳል። ዝውውር ላይ፤ ባልና ሚስት በሁለት ዞን ሲያስተምሩ። የቤት መሥሪያ ቦታ ላይ። ብዙ መምህር የማኅበሩን ጥቅም ቦታ በተመራ ቀን ነው ያየው። እናቴ ለምሳሌ። ይህን ትንሽ ነገር የሚሉ አሉ። ለተከራይ ትንሽ አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ ሁሉም በመንግሥት መልካም ፈቃድ የሚገኙ ናቸው። ሰጪው ሲቆጣ ሊይዛቸው ይችላል።

የክልል ማኅበር የሚፈተነው ደመወዝ ሲቆም ነው። በ2016 ዓ.ም ወላይታን በመሰሉ አካባቢዎች ደመወዝ ዘገየ። መምህራን ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ፤ መብቱ አላቸው የላቸውም የሚል የሕግ ክርክር ሆድ አይሞላም። የቀድሞው ደቡብ ክልል ተከፋፍሎ አዳዲስ ክልሎች የቆሙት በዚያው ሰሞን ነው። መምህሩ በአንድ ክልል ተኝቶ በሌላ ክልል ነቃ። በትግራይ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ያልተከፈለ የ17 ወር ውዝፍ ደመወዝ አለ። የትግራይ መምህራን ማኅበር ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስዶ ተከራክሯል። ሥራ ማቆም የሌለው፣ ኅብረት ድርድር የሌለው ማኅበር የቀረለትን በር አንኳኳ። የሙያ ማኅበር አሠሪውን መንግሥት ሲከስ ማየት በዚህ አገር የተለመደ አይደለም።

እናቴ ጡረታ ወጥታለች። አሁን የምታስተምረው ታናሽ እህቴ ናት። ባለፈው ወር መ.ማ ስንት ይቆረጥብሻል ብዬ ጠየቅኋት። አሰብ አደረገችና ስልኳን አወጣች። ከባንኩ የመጣው መልእክት የገባላትን የተጣራ ደመወዝ ብቻ ይላል። ተቀናሹን ማየት ከፈለገች ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ፔሮሉን አውጡልኝ ማለት አለባት። «ቅዳሜ አይሠሩም፣ በሥራ ቀን ደግሞ ክፍለ ጊዜ አለኝ» አለችኝ።